ለመጀመሪያ የእራፊ ብርድ ልብስሽ፦ ከሆሳዕና እናት የተሰጠ ምክር

ልጄ፣

የእንሰት አገር ልጅ ስለሆንሽ ከምታውቂው ልጀምር። በሀዲያና በከምባታ ጓሮ ከእንሰት የሚጣል የለም። አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል፤ ግንዱ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ ከቃጫው ገመድ ይገመዳል፤ ቅጠሉ ቆጮ ይጠቀለልበታል፤ የደረቀው ይነጠፋል፤ የቀረውን ከብት ይበላዋል። አንዱን ተክል እንዲህ እስከ መጨረሻው የምንጠቀም ሰዎች ጨርቅ ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ይላላል። አንገቱ የነተበ ሸሚዝ ወለል መወልወያ ይሆናል። የልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ በጆንያ ታጭቆ ይቃጠላል። ጫፉ ያለቀ ጋቢ ሳጥን ውስጥ ብል ይበላዋል። ይህ ሁሉ ሐምሌ ላይ ሰው ሊያሞቅ የሚችል ጨርቅ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ያደግሽ የዱራሜ ወይም የአንጋጫ ልጅ ከሆንሽም የክረምቱን ሌሊት ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም።

የእራፊ ብርድ ልብስ የምለው ሦስት ንጣፍ ያለውን ነው። ፊቱ ከትናንሽ ጨርቆች የተጋጠመ ነው፤ መሃሉ ሙቀት የሚይዝ ጥጥ ወይም አሮጌ ጋቢ ነው፤ ታቹ ገበር ነው። ሦስቱ አብረው በስፌት ይጠቀሙና አንድ ልብስ ይሆናሉ። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይመለሳል፦ የመጀመሪያው ሥራሽ ትንሽ ይሁን፣ ቤት ካለ ጨርቅ ይሁን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይጠናቀቅ።

1. «ድሪቶ» ቢሉሽ አትሸማቀቂ።

በአገራችን የተጣጣፈ ልብስ የችግር ምልክት ሆኖ ስለኖረ እራፊ ስትሰበስቢ የሚያሽሟጥጥ አይጠፋም። አንቺ ግን ይህን እወቂ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል የገጠር መንደር በባርነት ከኖሩ ቤተሰቦች የተወለዱ ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። የሚሰፉትም ቤተሰባቸውን ከብርድ ለማዳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራዎቻቸው በሂዩስተን የጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ፤ በ2006 ደግሞ የአገሪቱ ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ አተማቸው። የቤንጋል ሴቶችም ያረጀ ሳሪ ደራርበው በቀላል የእጅ ስፌት ይጠቅማሉ፤ ካንታ ይሉታል። ክሩን እንኳ ከሳሪው ጠርዝ እየመዘዙ ይሰፉ ነበር። የእኛው ኤልያስ ስሜ ክርና አሮጌ ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ ትልልቅ የጥበብ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ሥራዎቹም ከአዲስ አበባ አልፈው በውጭ አገር ሙዚየሞች ታይተዋል። ጨርቅ በማርጀቱ ሰው አያፍርም፤ በግዴለሽ ስፌት ግን ሊያፍር ይገባል።

2. በሕፃን ልክ ጀምሪ።

ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው ለትልቅ አልጋ የሚሆን ብርድ ልብስ ነው። ምኞቱ መልካም ነው፤ ግን 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር ከ10 የሆነ ልብስ በ15 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቢሠራ 140 ካሬ ይፈልጋል። ግማሽ ላይ ይሰለችና ከአልጋ ሥር ይገባል። የሕፃን ልክ የሆነው 90 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለወርዱ 6፣ ለቁመቱ 7 ካሬ፣ በጠቅላላው 42 ብቻ። ትልቁ የሚጠይቀው ሙያ ሁሉ በትንሹ ውስጥ አለ፤ መቁረጡ፣ መጋጠሙ፣ መወስወሱ፣ መጥቀሙ፣ መቀምቀሙ። ትንሹን ከጨረሽ ትልቁን ለመሥራት የሚቀርሽ ትዕግሥት ብቻ ይሆናል።

3. ጨርቅ ፍለጋሽን ከቤትሽ ጀምሪ።

በመጀመሪያ ሳጥንሽን ፈትሺ። የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ አንገቱና እጅጌው ሲያልቅ ጀርባው እንደ አዲስ ይቀራል፤ ከጀርባው ብቻ ቢያንስ ስድስት ካሬ ይወጣል። ያረጀ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የቀሚስ ታችም ይሆናል።

ቀጥለሽ ወደ ልብስ ሰፊ ሂጂ። ከነሐሴ ጀምሮ የደንብ ልብስ ሲሰፋ፣ ከዚያም ለሀዲያው ያሆዴና ለከምባታው መሳላ በዓል አዲስ ልብስ ሲዘጋጅ፣ ከየስፌት መኪናው ሥር የሚጠረገው ቁርጥራጭ ብዙ ነው። በአክብሮት ከጠየቅሽው የሚከለክልሽ ሰፊ ጥቂት ነው። ጆንያውን ራስሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ደጁንም ጠርገሽለት ተመለሺ።

በመጨረሻ የጎደለሽን ከሰልባጅ ተራ አሟዪ። ቲሸርት፣ ሹራብና የሚለጠጥ ጨርቅ ሁሉ ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም፤ ስትሰፊው ይሳብና ካሬው ይጣመማል። ወፍራም ጂንስም ከስስ ፖፕሊን ጋር አይስማማም፤ ክብደታቸው የተቀራረበ ጨርቆች ምረጪ።

4. ጨርቁን በእሳት ለዪው።

ሻጭ ሁሉ «ጥጥ ነው» ይላል። አንድ ክር መዘሽ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ በክብሪት ሞክሪው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ የሚተወው አመድ በጣት ሲነካ ይበናል። ቴትሮን ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ ጠጣር እንክብል ይሆናል። የደንብ ልብስ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ድብልቅ ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ አትናቂው። ነገር ግን ካውያ ሲግል ይቀልጣልና ከጥጡ ለይተሽ አስቀምጪው። ለሕፃን በሚሆነው ላይ ጥጡ ቢበዛ መልካም ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ቆዳም አይቆረቁርም።

5. ሳታጥቢ መቀስ አታንሺ።

አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት አንዱ ካሬ ተኮማትሮ ሌላው ተወጥሮ ይቀራል። ለገበር የምትገዢውን አቡጀዲም ጭምር በሙቅ ውኃ እጠቢው። የሰልባጅ ልብስ ደግሞ በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ጠንከር ያለ ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት። ቀይ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ ቀለም ይለቃል፤ በረጠበ ነጭ ጨርቅ እሺው፤ ነጩ ከቀለመ ደጋግመሽ እጠቢው፤ ከዚያም በኋላ መልቀቁን ካልተወ ለዚህ ሥራ አይሆንሽም።

6. ለመሃሉ ከአሮጌ ጋቢ የተሻለ አትፈልጊ።

ጋቢ ከመነሻው አራት ድርብ ነው፤ አያቶቻችን ንጣፍ ሲደራረብ በመሃሉ የሚያዘው አየር እንደሚያሞቅ ያውቁ ነበር። ዳር ዳሩ ያለቀ ጋቢ ካለሽ ደህናውን ክፍል ቁረጪና መሃል አድርጊው። ለሕፃን ሁለት ድርብ ይበቃል፤ አራቱም ካሉበት መርፌው ይከብድሻል። ያረጀ ስስ ብርድ ልብስም ይሠራል።

ባዘቶ ልጠቀም ካልሽ ጥጡ በደንብ ተዳምጦና ተነድፎ ፍሬ የሌለበት ይሁን። በእኩል ውፍረት አንጥፊው፤ ስፌቱንም ለጋቢ ከሚሰፋው ይልቅ አቀራርቢ። ባዘቶ እንደ ጋቢ በድርና በማግ የተያዘ ስላልሆነ ስፌቱ ከራቀ ሲታጠብ ተሰብስቦ ይጓጉላል። ስፖንጅ አትጠቀሚ፤ ውኃ ይዞ አይደርቅም፣ ሲያረጅም ይፈረፈራል።

7. ልኩን ከካርቶን አውጪ።

ጠንካራ ካርቶን 17 በ17 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪ። ሲሰፋ ካሬው 15 ይሆናል፤ የቀረው በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ነው። የካርቶኑን ማዕዘን በደብተር ጫፍ አረጋግጪ። ጨርቁን መጀመሪያ ተኩሺው፤ ከዚያ የካርቶኑን ጎን ከጨርቁ ክር አቅጣጫ ጋር አስተካክለሽ በቀጠነ ሳሙና አስምሪ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በኋላ ይለጠጣል። ካርቶኑ ጫፉ ሲላላ ልኩ ይዛባልና አዲስ ለውጪ። መቀሱን ለጨርቅ ብቻ አድርጊው፤ ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅ ያኝካል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስሕተት በስድስት ካሬ ሲባዛ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የጥበብ ቀሚስ ጥለት ካለሽ ያምራል። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ግን ቶሎ ይተረተራል፤ ከጀርባው ስስ አቡጀዲ ደርበሽ ቁረጪው።

8. ሳትሰፊ መሬት ላይ ደርድሪው።

ሰሌን ወይም ንጹሕ አንሶላ አንጥፊና 42ቱን ካሬ በቀን ብርሃን ዘርጊ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ደማቅ፣ አንዱን ፈዛዛ እያልሽ አፈራርቂ፤ ይህ የማያሳፍር ቀላል ንድፍ ነው። አበባማው፣ ባለ መስመሩና ልሙጡ አንድ ቦታ አይከማች። ከዚያ ተነሺና ራቅ ብለሽ እዪው፤ ዓይንሽን ጠበብ ስታደርጊ ደምቆ የሚወጣ ካሬ ካለ ቦታውን ቀይሪ። ሲያጠግብሽ ሰባቱን ረድፍ በቁጥር ምልክት አድርገሽ ለየብቻ እሰሪ። ፎቶ ማንሳትም ይረዳል፤ ልጆች ወይም ዶሮዎች ቢበትኑብሽ መመለሻ ይኖርሻል።

9. በመኪናም በእጅም ይሰፋል፤ ካውያ ግን አይቅር።

የፔዳል ሲንጀር ያለበት ቤት ከሆነ መብራት ጠፋ ብለሽ ሥራ አትፈቺም። ለተራ ጥጥ 14 ቁጥር፣ ለወፍራም ጨርቅ 16 ቁጥር መርፌ ይስማማል። መኪና ከሌለሽ በእጅ ስፊ፤ ክርሽ ከአንድ ክንድ ብዙ አይብለጥ፣ ከረዘመ ይቋጠርብሻል። ክሩን በሰም ብታሺው አይፈታታም፣ አይተበተብም። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚገባ ስፌት ይበቃል፤ ጥቂት ከሄድሽ በኋላ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አጥብቂው።

መጀመሪያ ስድስት ስድስቱን በረድፍ አጋጥሚ፣ ከዚያ ረድፎቹን አያይዢ። አንዱን ረድፍ ስትተኩሺ የስፌቱን ትርፍ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ አድርጊ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማዕዘኑ ገጥሞ ይቀመጣል፣ ውፍረትም አይከማችም። የከሰል ካውያ ከሆነ አመዱን አራግፊ፤ ከላዩም ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊ።

ለወንድ ልጆችም እናገራለሁ፦ በከተሞቻችን በየበረንዳው ፔዳል የሚረግጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ሸማኔዎቻችንም እንዲሁ። መርፌ የሴት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ለብሶት የወጣውን ሸሚዝ ማን እንደሰፋው ይጠይቅ።

10. ሦስቱን ንጣፍ ሳትወሰውሺ አትጠቅሚ።

ገበሩን 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ15 አድርገሽ ቁረጪ። መልካሙን ፊት ወደ መሬት አድርገሽ ወለል ላይ ዘርጊው፤ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዢው፤ እንዳይሸበሸብ ይወጠር እንጂ አይሳብ። በላዩ ጋቢውን፣ በጋቢው ላይ የተጋጠመውን ፊት አንጥፊ። ከዚያ በረጅም ክር ከመሃል ተነስተሽ ወደ አራቱ ማዕዘንና ወደ አራቱ ጎን ወስውሺ። በመስመሮቹ መካከል ሌላ መስመር እየጨመርሽ ከ10 ሳንቲ ሜትር የሰፋ ክፍት ቦታ አታስቀሪ። የሕፃን መርፌ ቁልፍ ካለሽም ይሠራል። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የዘለለ ሁሉ ግን ከጀርባ በኩል የተሸበሸበ ገበር ያገኛል። መወስወሻው ሥራው ሲያልቅ ስለሚመዘዝ ለማማሩ አትጨነቂ።

11. ከመሃል ወደ ዳር ጥቀሚ።

አሁን ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ስፌት ነው። በየካሬው መጋጠሚያ ጎን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብለሽ ቀጥ ያለ የእጅ ስፌት ውጊበት። መርፌው ሦስቱንም ንጣፍ መብሳቱን በግራ እጅሽ ጣት ከሥር እየዳሰስሽ አረጋግጪ። ቋጠሮውን ሳብ አድርገሽ ወደ መሃሉ ጥጥ አስገቢው፤ ውጭ የሚታይ ቋጠሮ በእጥበት ይበጠሳል። የስፌትሽ ርዝመት አጭር መሆኑን ሳይሆን እኩል መሆኑን ተቆጣጠሪ። ሁልጊዜ ከመሃል ተነሺ፤ ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ መሃል ላይ ያከማቻል። ፊቱ በደማቅ ክር ቢጠቀም ይደምቃል፤ ጀማሪ ግን ከጨርቁ ጋር የሚመሳሰል ክር ቢይዝ ይሻላል።

12. ጠርዙን በራሱ ገበር ቀምቅሚ።

ፊቱንና ጋቢውን እኩል ከርክሚ። ገበሩ ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይቅር። ያንን ትርፍ አንዴ እስከ ፊቱ ጠርዝ እጠፊ፤ ሁለተኛ ደግሞ ፊቱ ላይ አጥፈሽ በስፒል ያዢ። 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ንጹሕ ጠርዝ ይወጣል። በጥብቅ ስፌት ቀምቅሚው፤ ብርድ ልብስ መጀመሪያ የሚያረጀው በጠርዙ ነው። ለሕፃን በሚሆን ልብስ ላይ ቁልፍ፣ ዶቃና የተንጠለጠለ ክር አይኑር፤ ልጅ ይውጠዋል። ለምትሰጫት እናትም የሕፃኑ ፊት እንዳይሸፈን ንገሪያት።

13. ብቻሽን አትሥሪ።

ለእርሻ፣ ለቤት ሥራና ለእንሰት ፍቀት ጎረቤት የምንጠራ ሰዎች ነን። ለዚህም ጥሪ። ቡና አፍልተሽ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትቀመጡ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትተኩሳለች፣ ሌሎቹ ይሰፋሉ። ተራ በተራ የአንዳችሁን ብትጨርሱ እንደ እቁብ ለሁሉም ይደርሳል። ዳንቴል ስትሠራ ያረጀች ጎረቤት ካለች እሷን አስቀድሚ፤ እጇ ክር መወጠርና እኩል መሥራት ያውቃል፤ የምታስተምርሽን በሌላ ቦታ አታገኚውም።

14. የሄደ ሰው ልብስ ስትቆርጪ ቤተሰቡን ጠይቂ።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በየቤቱ የሄደ ልጅ ሸሚዝ ታጥፎ ተቀምጧል። የሞተ ሰው ልብስም እንዲሁ አለ፤ ለድሃ የተሰጠው ተሰጥቶ አንድ ሁለቱ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልብስ ብርድ ልብስ ሲሆን ለእናት ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ልጇ የለበሰውን ለብሳ ታድራለች። ግን መቀስ ከገባ መመለሻ የለውም። እናቱን ጠይቂ፤ ካልፈቀደች ተዪው። ከፈቀደች የደረት ኪሱን ሳትፈቺ ከነካሬው ቁረጪው፤ የሸሚዙ ባለቤት የሚታወቀው በዚያ ነው። ይህን ግን ለሁለተኛው ሥራሽ አቆዪው፤ የማይተካ ጨርቅ መማሪያ አይሆንም።

15. የመጀመሪያውን አትሽጪ፣ አጠባበቁንም እወቂ።

ሥራው ሲለመድ ገበያ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን የራስሽ ቤት ወይም የሰጠሻት ጎረቤት ትፈትነው። ሲለበስና ሲታጠብ የቱ ስፌት እንደላላ፣ የቱ ጨርቅ ቀለም እንደለቀቀ እዪ። ከዚያ የተማርሽው ለሁለተኛው ይሆናል። ስታጥቢው ለብ ባለ ውኃ ጨፍልቂው እንጂ አትጠምዝዢው፤ የረጠበ ጋቢ ከባድ ነውና በአንድ ገመድ ላይ አታንጠልጥዪው፣ በሁለት ገመድ ላይ ዘርጊው። ከጀርባው ጥግ ላይ የሠራሽበትን ዓመተ ምሕረት በክር ጥለፊ፤ የልጅ ልጆችሽ ዕድሜውን ያውቃሉ።

ልጄ፣ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅሽም። መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ ጥቂት ሜትር አቡጀዲና ሌላው ሰው የጣለው ጨርቅ ይበቃል። የሚጠይቅሽ ነገር የጀመርሽውን አለመተው ነው። በየቤቱ የተጀመረ ዳንቴል፣ የተጀመረ ጥልፍ፣ የተጀመረ ሹራብ ሞልቷል፤ የተጀመረ ነገር ግን ማንንም አያሞቅም። በዚህ ክረምት 42 ካሬ ቁረጪ፤ ያሆዴ ወይም መሳላ ሳይደርስ በሠፈርሽ የተወለደ አንድ ሕፃን አልብሺበት። ጀምሪ፤ ከጀመርሽም ጨርሺ።